ራያን ዴይ፦ 82ቱ ድል ይበልጣል ወይስ 4ቱ የሚሺጋን ሽንፈት?

ሹፌሩ_ከኮሎምበስ፦

እንደምን ከረማችሁ ጎበዝ። የ2025 ሲዝን አለቀ። ኢንዲያና ዋንጫውን ይዛ ሄደች። እዚህ ኮሎምበስ ግን በረዶውም አልቀለጠ፣ የሰዉም ንዴት አልበረደ።

ትናንት ከኤርፖርት የጫንኳቸው አንድ ሽማግሌ ገና ቀበቶ ሳያስሩ "ዴይ መባረር አለበት" አሉኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ልከራከራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቲፕ አለቻ። ያልተናገርኩትን ይዤ እናንተ ዘንድ መጣሁ።

ለማያውቅ ባጭሩ። የማወራው ስለ አሜሪካው ፉትቦል ነው፣ በእጅ ስለሚያዘው። ራያን ዴይ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ነው። ቡድኑን ከኧርበን ማየር የተረከበው ለ2019 ሲዝን ነው። በ2018 ማየር ሲታገድ በጊዜያዊነት የመራቸውን 3 ጨዋታዎች ጨምሮ እስካሁን 82 አሸንፎ 12 ተሸንፏል። የ2024ን ሲዝን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኖ ጨርሷል። ከዋነኛዋ ተቀናቃኝ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ግን 6 ጊዜ ተገናኝቶ ያሸነፈው 2 ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ሰውዬው ትልቅ አሠልጣኝ ነው ወይስ ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው?

ቁጥር_አይዋሽም፦

ጋሼ፣ ይሄ እኮ ክርክርም አይደለም። ከመቶ 87 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ይሄን ሪከርድ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ስጡት፣ ሐውልት ያቆሙለታል።

እስቲ 12ቱን ሽንፈት ቁጠሩልኝ። ክሌምሰን። አላባማ። ኦሪገን ሁለቴ። ጆርጂያ በ1 ነጥብ። ሚዙሪ። ሚሺጋን አራቴ። ዘንድሮ ደግሞ ኢንዲያናና ማያሚ። ለመሆኑ ዘንድሮ ፍጻሜውን የተጫወቱት እነማን ናቸው? ኢንዲያናና ማያሚ! በዓመት ሁለቴ ብቻ ተሸንፈህ፣ ሁለቱም ያሸነፉህ ፍጻሜ ከደረሱ ምን ልትባል ነው?

እኔ ዳላስ ነኝ። የማያሚውን ጨዋታ አርሊንግተን ገብቼ አይቻለሁ። ያቺ ተጠልፋ 72 ያርድ የተሮጠችው ኳስ በእኔ በኩል ነው ያለፈችው። ለትኬቱ የከፈልኩትን እስካሁን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ሆኖም ዴይ ይባረር አልልም።

ሰማያዊ_አናርበር፦

42 ለ 27
45 ለ 23
30 ለ 24
13 ለ 10

በእኛ በሚሺጋን አራቴ የተሸነፈበት ውጤት። ይሄ የራያን ዴይ ስልክ ቁጥር ነው። ደውላችሁ አጽናኑት 😂

ሰላም_614፦

ሰማያዊ፣ ስልኩን ቀይሯል እኮ፣ አልሰማህም? አዲሱ 27 ለ 9 ነው። ያውም ባለፈው ኖቬምበር፣ እናንተው ሜዳ ላይ። በ2019ም እዚያው መጥቶ 56 ለ 27 ሰጥቷችሁ ሄዷል።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ቁጥር አይዋሽም፣ ስምህን እወደዋለሁ ግን ቁጥር ይዋሻል። እዚህ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። የሚሺጋን ሳምንት ሲመጣ ካምፓስ ውስጥ ያለ "ኤም" ፊደል ሁሉ በቀይ ፕላስተር ይሰረዛል። የሕንፃ ስም ሳይቀር። ፈረንጆቹ ቀልድ ይመስላቸዋል ብዬ ነበር፣ አይደለም፣ የምራቸውን ነው። ሚሺጋንን ያሸነፈ ተጫዋች ትንሽዬ የወርቅ ሱሪ ይሸለማል፣ የአንገት ሐብል ላይ የምትንጠለጠል። ከ1934 ጀምሮ። ያኔ የነበረው አሠልጣኝ "እነሱም እንደማንኛውም ሰው ሱሪያቸውን በየተራ እግር ነው የሚያጠልቁት" ስላለ ነው።

አሁን ጃክ ሶየርን አስቡት። የኮሎምበስ ጎረቤት ከሆነችው ከፒከሪንግተን የመጣ ልጅ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ከቴክሳስ ጋር ኳሷን ቀምቶ 83 ያርድ ሮጦ ያስቆጠረ። ሻምፒዮን ሆነ። 4 ዓመት ተጫውቶ ግን አንዲት የወርቅ ሱሪ የለውም። በ2021 አብረውት ገብተው በ2024 አብረውት የጨረሱት ልጆች እንደዚያው ናቸው። ይሄ በየትኛው ፐርሰንት ውስጥ ይገባል?

ጊዮርጊስ_ነኝ፦

ይቅርታ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከአዲስ አበባ ነኝ። እኛም ከቡና ጋር ስንጫወት ከተማው ቀውጢ ነው። ግን ዋንጫ ያመጣ አሠልጣኝ በደርቢ ተሸነፈ ተብሎ ይባረር አይባልም። ዋንጫ እያለ ሱሪ ምን ያደርጋል?

ደግሞ 42 ለ 27 ምናምን ስትሉ ግራ ይገባኛል። አንድ ጎል ስንት ነው?

ሹፌሩ_ከኮሎምበስ፦

ጊዮርጊስ ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ኳሷን ይዘህ የተጋጣሚ መጨረሻ ክልል ስትገባ ታችዳውን ይባላል፣ 6 ነጥብ ነው፣ ከዚያ በኋላ በእግር የምትመታ ተጨማሪ አንድ አለች፣ 7 ትሆናለች። ፊልድ ጎል፣ ኳሷን በእግር መትተህ በምሰሶዎቹ መሀል ስታሳልፍ፣ 3 ነው። 10 ያርድ ለመግፋት 4 ሙከራ አለህ። ይቺን ካወቅህ ከእኔ ጋር ማየት ትችላለህ። እኔም ስመጣ ከዚህ በላይ አላውቅም ነበር። ስታዲየሙ አጠገብ መኪና ሳቆም ሰው ለምን እንደሚጮህ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ለጥያቄህ፣ ዋንጫና ሱሪ እዚህ ሁለት የተለያየ ሂሳብ ነው። ጆን ኩፐር የሚባል አሠልጣኝ ነበር፣ ከ1988 እስከ 2000። 111 ጨዋታ አሸንፏል። የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ውስጥ ስሙ ተጽፏል። እዚህ ከተማ ግን ስሙ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ቁጥር ነው፤ ከሚሺጋን ጋር 13 ጊዜ ተጫውቶ 2 አሸነፈ፣ 10 ተሸነፈ፣ 1 አቻ ወጣ። አባረሩት። ከሱ በኋላ የመጣው ጂም ትሬስል ገና በተቀጠረ ሰሞን በቅርጫት ኳስ ጨዋታ መሀል ማይክ ይዞ "ከ310 ቀን በኋላ አናርበር ላይ" እያለ (የሚሺጋን ሜዳ ያለበት ከተማ ነው) ቃል ገባ። ቀኑን ቆጥሮ ነው የመጣው! ሄዶም አሸነፈ። የዴይ ፈራጆች ከዚህ ነው የመጡት።

ሲልቨርስፕሪንግ_ልጅ፦

እናንተ ሰዎች ጥጋበኞች ናችሁ። እኔ የሜሪላንድ ደጋፊ ነኝ። ኦሃዮ ስቴትን አንድም ቀን አሸንፈን አናውቅም። በ2018 እዚሁ ሜዳችን ላይ ተጨማሪ ሰዓት አድርሰናችሁ 52 ለ 51 ተሸነፍን። በመጨረሻዋ ሙከራ በአንዷ ተጨማሪ ነጥብ ፈንታ ሁለት ነጥብ ፈልገን ኳሷ ከልጁ እጅ ራቀች። እስከዛሬ ሕልሜ ላይ ትመጣለች።

82 ድል! እኛ ለ8 ድል ሰልፍ እንወጣለን።

ሰማያዊ_አናርበር፦

ሰላምዬ፣ 27 ለ 9ን እቀበላለሁ። ተበልጠናል። ግን የያኔው አሠልጣኛችን ሃርቦ በ2021 ያለውን አትርሺ። ሌላ ሰው ሮጦ ያደረሰው ቦታ ላይ ቆመው ራሳቸው የሮጡ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ ብሎ ጎነጠው። ስም አልጠራም፣ ሁሉም ገብቶታል። ማየር ከሚሺጋን ጋር 7 ጊዜ ተጫውቶ 7ቱንም አሸንፎ ቡድኑን አስረከበው። በተነጠፈ አልጋ ላይ መተኛት ጉብዝና አይደለም።

ሰላም_614፦

ያ የናንተ ሃርቦ ተጋጣሚ አሠልጣኞች ለተጫዋቾቻቸው የሚያሳዩትን ምልክት የሚሰርቅ ሰው ይዞ ነበር እኮ! የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤን ሲ ዳብል ኤ የቀጣውን ቅጣት ላንብብልህ? በ2023 ከእኛ ጋር ስትጫወቱ የት ነበር ሃርቦ? ታግዶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነበር።

ሰማያዊ_አናርበር፦

እሺ። የ2024ቱስ? ምልክት ሰረቀ የተባለው ስታሊየንስ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ሃርቦም ሄዷል። ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) የለን፣ ማጥቃት የለን። 20 ነጥብ ያህል ትበልጣላችሁ ተብሎ የተወራረዱባችሁ ጨዋታ ነበር። ያውም ሜዳችሁ ላይ። 13 ለ 10። ማን ምልክት ሰረቀ?

አወያይ፦

እስካሁን ጨዋታው ጥሩ ነው። እናትና አባት እስካልተነሱ ድረስ ቀጥሉ።

ሹፌሩ_ከኮሎምበስ፦

ሰማያዊ ልክ ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ስለዚያች ቀን ልንገራችሁ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2024።

ሥራ ላይ ነበርኩ። ከስታዲየሙ ሁለት መንገድ ራቅ ብዬ በሬዲዮ እሰማለሁ። ጨዋታው እንዳለቀ ሚሺጋኖች ሜዳው መሀል ባንዲራ ሊተክሉ ሲሉ ጠብ ተነሣ፣ ፖሊስ በርበሬ ረጨ ተባለ። ከዚያ ሰው መፍሰስ ጀመረ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነው፣ ድምፅ ግን የለም። የእግር ኮቴ ብቻ። ቀብር የሚመለስ ይመስላል። የጫንኳቸው አባትና ልጅ ነበሩ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፊቱ ላይ የተቀባው ቀይ ቀለም በእንባ ወርዶ አገጩ ላይ ደርቋል። አባትየው 25 ደቂቃ ሙሉ መስኮቱን ሲያይ ነበር። ሲወርድ "ምነው ለስሚዝ ቢሰጡት" አለ። ለእኔ አልነበረም፣ ለራሱ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያቺ አረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ጄረማያ ስሚዝን የመሰለ ኳስ ተቀባይ ልጅ ዳር ላይ አቁሞ፣ ዴይ ቀኑን ሙሉ ኳሷን በመሀል ሲያስገፋ ዋለ። ሚሺጋን የሚበረታው እዚያው መሀሉ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ በጭንቅላት መሄድ ነው። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ በ2021 እና 2022 ሚሺጋን በጉልበት ስለበለጠችው "ለስላሶች ናችሁ" መባሉ አንገብግቦታል። ጨዋታውን ከማሸነፍ ይልቅ ስሙን ለመመለስ ገባ። ስም ያሳብዳል።

ቁጥር_አይዋሽም፦

ጋሼ በደንብ ገልጸኸዋል። ግን ታሪኩን ቀጥልበት እንጂ! ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይናገር?

እኔ ልቀጥል። በ3 ሳምንቱ ቴኔሲ ኮሎምበስ መጣች። የራሳችን ደጋፊዎች ትኬታቸውን ሸጠው ስታዲየሙ ውስጥ ብርቱካናማ ለባሽ ሞልቶ ነበር። ዴይ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በረጅሙ መወርወር ጀመረ። 42 ለ 17። ከዚያ ኦሪገን፣ 41 ለ 21። ከዚያ ቴክሳስ፣ 28 ለ 14። ከዚያ ኖትረ ዳም፣ 34 ለ 23። የመጀመሪያው 12 ቡድን ያለበት ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ነው፣ 4 ጨዋታ አከታትሎ ማሸነፍ ነበረበት።

የፍጻሜዋን መጨረሻ አስታውሱ። 31 ለ 23 እየመራን ነው፣ ኖትረ ዳም እየደረሰብን ነው። 3ኛ ሙከራ፣ 11 ያርድ ይቀራል። ፈሪ አሠልጣኝ እዚህ ላይ ኳሷን ሰጥቶ ሰዓት ያስቆጥራል። ዴይ ግን ለስሚዝ አስወረወረ። 56 ያርድ! አለቀ። የኖቬምበር 30ው ሰውዬ ይሄን አያደርገውም ነበር። በ51 ቀን ውስጥ ሰው ተለወጠ። እኔ አሠልጣኝ የምለው ይሄን ነው፤ አለመሳሳትን ሳይሆን ስህተቱን አይቶ መታረምን።

ጊዮርጊስ_ነኝ፦

አሁን ገባኝ። ቬንገር ነው ይሄ። 8 ለ 2 ኦልድ ትራፎርድ ላይ የተሸነፍን ዕለት ካዛንቺስ ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሒሳብ ሳልከፍል ወጥቼ፣ ከመንገድ ተመልሼ ነው የከፈልኩት። ያ ሰውዬ ግን ሙሉ ሲዝን ሳይሸነፍ የጨረሰ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሲሞት የትኛው እንደሚነሳለት እግዜር ይወቅ።

ሲልቨርስፕሪንግ_ልጅ፦

አርሰናል እዚህም ገባ? 😭

ሰማያዊ_አናርበር፦

ገንዘቡንስ? 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለተጫዋቾች ወጥቶ ነው ያ ቡድን የተሠራው። የእናንተው ስፖርት ኃላፊ የተናገረው ነው። ኳርተርባኩን ከካንሳስ ስቴት፣ ካሌብ ዳውንስን ከአላባማ፣ ጀድኪንስን ከኦሌ ሚስ አመጣችሁ። በዚያ ላይ ዴይ ራሱ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ነው። ኢንዲያናን እዩ። በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ስትሸነፍ የኖረች ትምህርት ቤት ናት። አሠልጣኟ ሲግኔቲ በሁለተኛ ዓመቱ 16 ተጫውቶ 16ቱንም አሸነፈ። አሠልጣኝ ማለት እሱ ነው።

ሹፌሩ_ከኮሎምበስ፦

ለሲግኔቲ ባርኔጣ አነሳለሁ። 13 ለ 10 ሲያሸንፈን ከ1988 ወዲህ ኢንዲያና እኛን ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ነው። የ2024ቱ የሚሺጋን ሽንፈትም 13 ለ 10 ነበረች፣ ይሄ ቁጥር ጠላታችን ነው መሰለኝ። መጨረሻ ላይ 27 ያርድ ፊልድ ጎል ሳትነው። 27 ያርድ! ልጄ በባዶ እግሩ ይመታታል።

ግን በገንዘቡ አልስማማም። ገንዘብ ያላቸው ብዙ ናቸው፣ ዋንጫ አንድ ነው።

ሰላም_614፦

አንድ ነገር ልበልና ልውጣ፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ።

2022 ዲሴምበር 31 ማታ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮ ወጡ ወጥቷል፣ ልጆቹ ፊኛ ይዘው ይጠብቃሉ። ከጆርጂያ ጋር 42 ለ 41 ነው፣ 50 ያርድ ፊልድ ጎል ቀርቶናል። ብትገባ ፍጻሜ ነን። ኳሷ ተመታች፣ ወደ ግራ ሄደች። ልክ እኩለ ሌሊት ላይ። ጎረቤት ርችት ተኮሰ። አንዷ ትንሽ ልጅ "ሃፒ ኒው ይር" አለች፣ አንድም ሰው አልመለሰላትም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ያኔ ለዴይ በስልኬ የጻፍኩትን ዛሬ አልደግመውም። በኋላ ነው ስለ ሰውዬው ያነበብኩት። አባቱ ሕይወቱን ያጠፋው እሱ ገና ልጅ እያለ ነው። እሱና ባለቤቱ ለዩኒቨርሲቲያችን የአእምሮ ጤና ምርምር 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል። በሚሺጋን መሸነፍን፣ አባቱን ከማጣት ቀጥሎ በሕይወቱ የደረሰ ክፉ ነገር ነው ብሎ ራሱ ተናግሯል። በሽንፈቶቹ ምክንያት ቤተሰቡ ዛቻ ደርሶበት በር ላይ ጠባቂ እስኪቆም ደርሷል። በኳስ ምክንያት! የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፣ እኔም አንዷ ምሳር ነበርኩ።

የሱሪው ነገር ግን አሁንም ያናድደኛል። ሁለቱንም ይዣለሁ።

ሰማያዊ_አናርበር፦

በዚህ ላይ አልቀልድም። ልክ ነሽ እህቴ፣ ቤተሰብ ጋ መሄድ ነውር ነው። ከእኛም በኩል የሚያደርጉት አሉ።

ቁጥር_አይዋሽም፦

እንግዲህ ወደ ፊት እንይ። ሚሺጋን አሁን አሠልጣኝ ካይል ዊቲንግሃምን ከዩታ አምጥታለች። ቀልደኛ ሰው አይደለም። ሮዝ ቦል በሚባለው በ2022ቱ ጨዋታ ዴይ 48 ለ 45 ያሸነፈው እሱን ነው፤ የእኛው ስሚዝ ኢንጂግባ ብቻውን 347 ያርድ የተቀበለበት ጨዋታ። ዊቲንግሃም ያንን የረሳ አይመስለኝም።

ኖቬምበር 28 ቀን 2026፣ ኮሎምበስ። ዴይ ካሸነፈ ከሚሺጋን ጋር 3 ድል በ4 ሽንፈት ይሆናል። ከተሸነፈ 2 ድል በ5 ሽንፈት፣ ያኔ የኩፐር ስም በየቤቱ ይነሳል።

ሰማያዊ_አናርበር፦

ጋሼ፣ ክትፎ እንወራረድ? የተሸነፈ ይጋብዛል። መንገዱ 3 ሰዓት ነው፣ እኔ እመጣለሁ።

ሹፌሩ_ከኮሎምበስ፦

ተስማማሁ፣ ግን ማታ ነው የምንበላው። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ ያቺን ቀን አልለቃትም።

ሰላም_614፦

ጋሼ፣ ሽማግሌው በመጨረሻ ቲፕ ሰጡ እንዴ?

ሹፌሩ_ከኮሎምበስ፦

5 ዶላር። ዝም በማለቴ ይመስለኛል።

እኔ እንኳ የዴይን ስም በዚሁ ነው የምለካው። ኖቬምበር 30 ማታ 11 ሰው ጫንኩ፣ አንድም ሳንቲም አላገኘሁም። አባትየውም አልሰጠም፣ አልፈረድኩበትም። ዋንጫውን የወሰድን ሌሊት ደግሞ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ አንድ ሸሚዙን ያወለቀ ጎረምሳ 40 ዶላር ወረወረልኝና ሳይወርድ "ዴይ ሊቅ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሸሚዙ ኋላ ወንበር ላይ ቀረ። እስካሁን አጥቤ አስቀምጬለታለሁ፣ አልመጣም።